ግራ ያልገባው ሰው

ጋሽ ሚዛን ጸጉር ሲቆርጥ መስታወት የሚያይ ደንበኛ አልነበረም። መስታወቱ አለ፣ ያውም የግድግዳውን ግማሽ የበላ፤ ግን ማን ሊያየው? ሰውዬው ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አከራዩን ያማል፣ አለቃውን ያማል፣ ሐሜቱ ሲያልቅ ጸጉሩም አልቋል። በመጨረሻ ጋሽ ሚዛን ከኋላ ይቆምና ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ፊት በሚወርደው ጸጉር ጫፍ ላይ ያሳርፋል። ትንፋሹን ይይዛል። የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ነው የሚመስለው። ከዛ “ጨርሻለሁ” ይላል። ጨርሻለሁ ካለ ጨርሷል፤ ምን መስታወት ያስፈልጋል?

ሚዛን ያሉት ለዚህ ነው። የአክስቴ ባል ሆኖ ሳለ እናቱ ያወጣችለትን ስም እኔ ራሴ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አንድ ግንበኛ ደንበኛው “ይሄ ሰውዬ በቆረጠው ጭንቅላት ላይ ውሃ ልክ ብታስቀምጥ አረፋዋ መሃል ላይ ቀጥ ትላለች” አለ አሉ፤ ስሙ በዛው ጸና።

ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አይሆንለትም። ደንበኛ ከሌለ ይጠርጋል። ጠርጎ ከጨረሰ መቀሱን ባየር ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ንፋስ የሚያስተካክል ይመስል። ቤትም ያው ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ የሳሎኑን ግማሽ የስፌት መኪናዋና ጨርቋ ይዞታል፤ እሱ በቀረው ግማሽ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፣ የመርፌውን ክር አወዛወዝክብኝ ትለዋለች። እሱም ይወጣል።

እና አንድ ጠዋት ራሴን ወጋኝ ብሎ ተነሳ። ተኛ አለችው። ወንበሩ ብቻውን ምን ይሁን አላት። ሻይ ሰጠችው፣ ብርጭቆው ከግራ እጁ ሙልጭ ብሎ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ጋሽ ሚዛን ብርጭቆውን ተቆጣው። በእጁ አልፈረደም፣ በብርጭቆው ነው የፈረደው። ከዛ የኮቱን ቀኝ እጅጌ አጠለቀ፣ ግራው እንደተንጠለጠለ ወጣ። አክስቴ ከኋላው ሮጣ አስገባችለት። ቸኩሎ ነው ብላ ነው።

ሱቁ ውስጥ በሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው ወጣት ማሽን ይባላል። እኛ ማሽን የምንለው መቀስ ስለማይነካ ነው። ጋሽ ሚዛን ግን አፉ አንዴ ከተነሳ ስለማይጠፋ ነው ይላል። የዛን ቀን የሆነውን ማሽን ሲያወራ እንዲህ ነው፦ “ስማኝማ፣ ጋሼ አንዱን ጎልማሳ እየቆረጠ ነው፣ እሺ? ቀኙን አሳመረው፣ እሺ? አሁን ግራውን ሊጀምር ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ስማኝማ፣ አውራ ጣቶቹን አሳረፈ። ጨርሻለሁ አለ። እኔ ማሽኔን አጠፋሁ፣ እሺ?”

ጎልማሳው ከቀኝ ሲያዩት ሙሽራ፣ ከግራ ሲያዩት ገና ከእስር የተፈታ ሆኗል። መስታወቱን ሳያይ ተነሳ። ማሽን ቀልድ መስሎት ጋሽ ሚዛንን አየው። ጋሽ ሚዛን መጥረጊያ ይዞ የወደቀውን ጸጉር እየጠረገ ነው፤ ያውም ከወንበሩ በስተቀኝ ያለውን ብቻ። ያኔ ማሽን ቀልድ አለመሆኑ ገባው። ሰውዬውን በር ላይ ደርሶ ያዘው፣ በጆሮው ሹክ አለው፣ ፎጣ የሚታጠብባት ጓዳ አስገብቶ ግራውን ጨረሰለት።

ለምን በቀጥታ አልነገረውም ትሉ ይሆናል። ጸጉር መቁረጥ ልሞክር ብሎ ሲመጣ እጁን ይዞ ያስተማረው ጋሽ ሚዛን ነው፤ ያስተማረህን ሰው “ግማሹን ረሳኸው” ትለዋለህ? እኔም አልልም። ስለዚህ ሱቁ ለሁለት ተከፈለ፤ ቀኙ ፊት ለፊት፣ ግራው ጓዳ። ደንበኛው ሁሉ ምስጢሩን አውቆ ዝም አለ። ከጋሽ ሚዛን ወንበር ይነሳል፣ ያመሰግናል፣ እጄን ልታጠብ ብሎ ጓዳ ይገባል፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ይወጣል። ጋሽ ሚዛን፣ ዘንድሮ የሰው እጅ እንዴት ነው የሚቆሽሸው ይላል። ሳይታጠቡ ያመለጡትን ደግሞ ሰፈር ውስጥ የሚዞሩ ጎረምሶች አይተው “እኛንም እንደዛ ቁረጠን” እያሉ ማሽንን ማስቸገር ጀመሩ።

ቤት ውስጥ ግን ጓዳ ገብቶ የሚያስተካክል ሰው የለም። ጋሽ ሚዛን እራት ላይ ከሰሃኑ ቀኙን ጥርግ አድርጎ ይበላና፣ ምነው ዛሬ አሳነስሽብኝ ይላል። ግራው እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ ሲቀዘቅዝ ጭምር ይታያል። አክስቴ ኩርፊያ መሰላት። ምን አጠፋሁ እያለች ስትብሰለሰል ሰንብታ፣ አንድ ቀን ሰሃኑን ልታነሳ ስትጎትተው ዞረ። የቀረው ምግብ ወደ ቀኙ መጣ። ጋሽ ሚዛን ፊቱ በራ፣ አሁን ገና ሰው ሆንሽ ብሎ መብላቱን ቀጠለ። አክስቴ ቆማ አየችው። ጭማሪ አላመጣችም፤ ያዞረችው ያንኑ ሰሃን ነው።

እሷ ከዛ በኋላ እንቅልፍ የላትም። እሱ ደግሞ ግራ ትከሻው በበር መቃን ብዛት በልዟል፣ ማን ነው በሩን ያጠበበው እያለ ይነጫነጫል። ጢሙን ራሱ ሲላጭ ግማሹን ይላጫል። የራስ ምታት መድኃኒት እንግዛ ብላ ይዛው ስትወጣ ከግራ የመጣ መኪና ለጥቂት ሳተው፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ዓይን የለህም ወይ ብሎ ሰደበው፣ ጋሽ ሚዛን ደግሞ ይሄ ከየት ነው የበቀለው ብሎ መለሰለት። እሷ እጁን ጨምቃ ይዛለች። እሱ ቀና ብሎ የሱቆቹን ጽሑፍ እያየ ሌላ ወሬ ጀመረ።

“ሰዉ እኮ ሰነፈ” አላት። “ሁሉም ‘ቤት’ ብሎ ጽፎ ይተወዋል። የምን ቤት? እዚህ ቤት፣ እዛ ቤት፣ ማዶ ቤት። ምን እንደሚሸጥ በምን ልወቅ?”

አክስቴ ቀና ብላ አነበበች። ምግብ ቤት። ፎቶ ቤት። መድኃኒት ቤት።

“ግራ ገባኝ” አለች።

“እኔን ምንም ግራ አልገባኝም” አላት።

እውነቱን ነው። እንደሱ እውነት የተናገረ ሰው የለም። ሰፈሩን ሁሉ ግራ ሲገባው እሱን ብቻ አልገባውም፤ ግራ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ በሩን አላንኳኳም። ይቺ ቃል ካክስቴ አፍ ወጥታ ሱቅ ስትደርስ ቀልድ ሆነች። ደንበኛው ሁሉ “እንደምን ዋልክ፣ ዛሬስ ግራ አልገባህም?” ይለዋል፣ እሱ “በፍጹም” ይላል፣ ሰዉ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይስቃል። ማሽን ብቻ አይስቅም። ማሽን ዓይኑ ምላጩ ላይ ነው።

ምክንያቱም መቀስ ቢረሳ ጸጉር ነው የሚረሳው። ምላጭ ግን ሌላ ነው። ጋሽ ሚዛን ራሱ ሲናገር፣ መቀስ ማንም ይይዛል፣ በምላጭ ጊዜ ግን ሰው ጉሮሮውን ቀና አድርጎ ይሰጥሃል፣ ዓይኑንም ይጨፍንልሃል፤ ይሄን ያልተሰጠው ሰው ጸጉር አስተካካይ ሳይሆን ሣር አጫጅ ነው ይላል። ማሽን ምላጩን ሊደብቅ ያስብና እጁ ይፈራል። ለአክስቴ ሊነግር ያስብና እግሩ ይፈራል። ደንበኛው ሲላጭ እሱ በሌላው ሰው ጭንቅላት ላይ ማሽኑን አስነስቶ ሳይቆርጥ ይቆማል።

የምላጩ ጣጣ መጀመሪያ የደረሰው መካኒኩ ላይ ነው። መካኒኩ ከጋሽ ሚዛን ጋር አብሮ ያደገ፣ ጢሙ እንደ ሽቦ የጠነከረ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ እንዲላጭለት ተቀመጠ፣ ተኛ፣ አንኮራፋ። ጢም ሲላጭ ጋሽ ሚዛን የሚቆመው ፊት ለፊት ነው፤ የደንበኛው ቀኝ ለሱ ግራ ነው። ጨርሻለሁ ሲባል ዘሎ ተነሳ። ማሽን ጓዳ ሊያስገባው እጁን ሲይዘው፣ ልቀቀኝ መኪና ከፍቼ ነው የመጣሁት ብሎ በሩጫ ፎቶ ቤት ገባ። ፎቶ አንሺው አየው፣ አሁን አሁን የማይታይ ፋሽን የለም ብሎ አነሳው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ መካኒኩ በፎቶው ግራ በኩል ሽማግሌ፣ በቀኝ በኩል ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የነገረው ሰው አልነበረም፤ ጋራዥ ውስጥ ፊቱ በግሪስ ስለሚለወስ ሠራተኞቹ ጥቀርሻ መስሏቸዋል።

መካኒኩ ፎቶውን ይዞ፣ የስድቡን ዓይነት መንገድ ላይ እየመረጠ ወደ ጸጉር ቤቱ መጣ። ምን ምን ሊለው እንደነበረ በኋላ ነግሮኛል፣ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ሲገባ ወንበሩ ላይ አንድ የሰፈሩ አስተማሪ ተቀምጧል። አስተማሪው ድምፁን የማያነሳ፣ አንገቱ ስር ጸጉር ሲያድግበት የሚከነክነው ሰው ነው፤ ጋሽ ሚዛን ማጅራቱን በምላጭ እያጠራለት ነበር። ከቀኝ ጆሮ ስር ጀመረ፣ በማጅራቱ በኩል ዞረ። እጁ ያምራል፣ ሁልጊዜ እንደሚያምረው። ግራ ጆሮ ጋ ሲደርስ ግን አልቀነሰም። እዛ ጆሮ መኖሩን የማያውቅ እጅ ለምን ይቀንሳል?

አስተማሪው “እ” አለ፣ ቀስ ብሎ።

ደሙ በጆሮው ወርዶ ነጩን ጨርቅ አቀላው። ጋሽ ሚዛን ምላጩን ጠርጎ አጠፈው። ከኋላ ቆመ። ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አሳረፈ፣ ቀኙን ጸጉር ላይ፣ ግራውን ደም ላይ። ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ።

“ጨርሻለሁ” አለ።

 አስተማሪው ዓይኑን ገልጦ መስታወቱን አየ። መካኒኩ በሩ ላይ እንደቆመ ፎቶውን ወደ ኪሱ መለሰው። ማሽን ፎጣ ይዞ ሮጦ ጆሮውን ሲያፍን ጋሽ ሚዛን፣ ምንድነው፣ ምን ሆናችሁ፣ ሰውዬውን ለቀቅ አድርገው እንጂ እያለ በክፍሉ ውስጥ ይዞራል። የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ ያያል።  አስተማሪው ራሱ ነው ቀስ ብሎ የተናገረው፤ ትንሽ ቆርጠኸኛል፣ ምንም አይደለም አለው። ጋሽ ሚዛን ቀኝ ጆሮውን አየ። እኔ የቆረጥኩት የለም አለ።

አክስቴ ወሬውን ሰምታ የስፌት መኪናዋን እንኳ ሳትሸፍን ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቃል የምትመርጥ፣ ስትናገር ጠረጴዛውን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ የምታደርግ። መጀመሪያ ፊደል አስነበበችው። ከዛ ዓይኑን አስጨፍና ቀኝ እጁን ነካችው፤ ቀኝ አለ። ግራውን ነካችው፤ ግራ አለ። ጋሽ ሚዛን ፈተና ያለፈ ተማሪ መስሎ ፈገግ አለ። ከዛ ሁለቱንም እኩል ነካቻቸው።

“ቀኝ” አለ።

ደገመችው። ግራውን ቆንጠጥ ጭምር አደረገችው፣ አክስቴ እያየች።

“ቀኝ፣ ልጄ። ቀኝ አልኩሽ እኮ።”

ሐኪሟ ዓይኑ ጤነኛ መሆኑን ነገረችው። እሱ ወደ አክስቴ ዞሮ ሰማሽ አላት። ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም። ዓይን መልእክተኛ ነው አለች፣ ያገኘውን ብርሃን ይዞ ወደ አንጎል ይሮጣል፣ እጅም እንደዛው የነካውን ይዞ ይሮጣል፤ መልእክቱን ተቀብሎ ይሄ ጆሮ ነው፣ ይሄ ደም ነው የሚለው አንጎል ነው። በስተግራ ያለውን ነገር በዋናነት የሚከታተለው የአንጎል ቀኝ በኩል ነው፣ እዛ ጋ ደግሞ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታለች፤ ምናልባት ብርጭቆው የወደቀ ዕለት። መልእክቱ አሁንም ይመጣል። ሁለት ሰው ባንዴ ሲጠራህ ጮክ ያለውን ብቻ እንደምትሰማው፣ ቀኙ ከተናገረ ግራውን የሚሰማው የለም። ቀኙ ዝም ካለ አንዳንዴ ይሰማል።

ጋሽ ሚዛን ተነስቶ ቆመ። ሐኪሟ ይቀመጡ አባቴ ብትለውም አልተቀመጠም። ይሄ ሊሆን አይችልም አለ። የማላየው ነገር ቢኖር ጨለማ ይታየኝ ነበር፣ ጥቁር ነገር፣ ቀዳዳ፤ እኔ ግን የሚታየኝ ሙሉ ነው።

“አሁን ከጀርባዎ ያለው ግድግዳ ይታይዎታል?” አለችው።

“ከጀርባዬ? አይታየኝም።”

“ጨለማ ነው?”

ዞሮ ግድግዳውን አየ። መልሶ ወደሷ ዞረ።

“ጨለማ አይደለም” አለችው። “የለም። በቃ የለም፣ መጉደሉም አይታወቅዎትም። ግራዎ እንደዛ ሆኗል።”

ሊሻለው እንደሚችል፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን ቃል እንደማትገባ ለአክስቴ ነገረቻት። አንገቱን ወደ ግራ ማዞር ይልመድ፣ እስከዛው ምላጭ አይያዝ አለች። ጋሽ ሚዛን ይሄን ሲሰማ በሩን ፍለጋ ሄዷል። መንገድ ላይ ያለው ነገር ቢኖር፣ ልጅ ናት፣ ገና ትለምዳለች፣ ብቻ ነው።

ቤት ሲገቡ አክስቴ ምላጩን ከኮቱ ኪስ አወጣችው። ልትደብቀው ፈልጋ ነበር፣ ግን የት? የቤቱን ስርቻ ሁሉ እሱ ያውቀዋል። ከዛ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ጓዳ ገብታ መደርደሪያው ላይ በግራ ጫፍ፣ ግድግዳው ጋ፣ ገላልጣ አስቀመጠችው። ያ ጓዳ ጠባብ ነው፣ ፊት ለፊት ቆመህ ነው መደርደሪያውን የምታየው። ጋሽ ሚዛን ጠዋት ኪሱን ዳሰሰ። ከዛ ቤቱ ተተራመሰ።

አልጋውን ገለበጠ። የጨርቁን ክምር በተነ። ጓዳ ገብቶ መደርደሪያውን ከቀኝ ጀምሮ በእጁ እየዳሰሰ እስከ መሃል ይሄድና፣ የለም ብሎ ይወጣል። ተመልሶ ይገባል። የለም። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ምላጩንና ባሏን እኩል ታያለች፣ ላግዛት እነሱ ጋ የሰነበትኩት እኔ ልናገር ስል በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። ማታም እንደዛው፣ በነጋታውም እንደዛው። እንኳን ሊቀመጥ ቆሞም አይረጋም። ደበቅሽብኝ ይላታል፣ አልደበቅኩም፣ ከፊትህ ነው ትለዋለች፣ ትቀልጂብኛለሽ ይላል። አንዴ ድምፁ ተሰበረ።

“ምላጬን ከወሰድሽ እኮ ጠራጊ ነው የምሆነው። ይሄ ነው የምትፈልጊው?”

እንዲህ እየተባባሉ እያለ መካኒኩ መጣ። ሱቁ መዘጋቱን አይቶ፣ ወዳጁ ታመመ ሲባል ሰምቶ ነው። ስድቡን ሁሉ ረስቶት ነበር፤ ሳያስበው ግን ከኪሱ መሐረብ ሲያወጣ ያቺ ፎቶ ወለሉ ላይ ወደቀች። አክስቴ አነሳቻት። አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

“ይሄ ማነው?” ብላ ለባሏ ሰጠችው።

“ጓደኛዬ ነዋ” አለ። “እኔ ነኝ የላጨሁት። አየሽ እንዴት ሙልጭ እንዳለ? ይሄንን ነው ሊያስጥሉኝ የሚፈልጉት።”

አክስቴ ፎቶዋን ከእጁ ሳትወስድ በጣቷ ገለበጠቻት፣ ከላይ ወደታች። የመካኒኩ ጭንቅላት ተዘቀዘቀ። ግራው ወደ ቀኝ መጣ።

ጋሽ ሚዛን ሳቀ። ይሄ ደግሞ የማን ጢም ነው አለ፣ የማነው ዝርክርክ? መካኒኩ፣ የኔ ነው ሚዛኔ አለው። ጋሽ ሚዛን አላመነም። ሌላ ፎቶ ነው፣ ቀይራችሁታል አለ። ያኔ አክስቴ እጁን ከነፎቶው ይዛ ቀስ ብላ ማዞር ጀመረች። ጢሙ ታየ። እያዞረችው ሄደች። ጢሙ እየሳሳ ወደ ዳር ሄደ፣ ሄደ፣ ጠፋ። የቀረው የተላጨ ፊት ነው። መልሳ አዞረችው። ጢሙ ከየትም አልመጣም፣ ብቅ አለ። ፎቶዋ አንድ ናት፣ ከጣቱ አልወጣችም። ጋሽ ሚዛን እጁን ከአክስቴ አስለቅቆ ራሱ ማዞር ጀመረ። አዞረ፣ መለሰ። አዞረ፣ መለሰ። 

ከዛ ፎቶውን አስቀምጦ ጓዳ ገባ። ተከተልነው። መደርደሪያው ፊት ቆሞ ወደ ግራ ሊዞር ሞከረ፤ አንገቱ መሃል ላይ እየደረሰ ይቆማል፣ ከዛ ወዲያ መሄጃ የሌለ ይመስል። ትንሽ አሰበ። ከዛ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ፣ በሙሉ ሰውነቱ። በሩን አለፈ፣ እኛን አለፈ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ ዞሮ ዞሮ በሌላ በኩል ወደ መደርደሪያው ሲመለስ ምላጩ ፊቱ ላይ ተደቀነ።

“እዚሁ ነበር?” አለ።

“እዚሁ” አለችው አክስቴ።

ምላጩን አንስቶ ሳሎን ገባና ተቀመጠ። ጋሽ ሚዛን። ተቀመጠ። አክስቴ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ምላጩ አይደለም ያስለቀሳት፣ መቀመጡ ነው። ምላጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አፈጠጠበት። መካኒኩ ሊያጫውተው ብሎ የሆነ ነገር ጀመረ፣ አልጨረሰውም።

“ጆሮው ባይሆንስ?” አለ ጋሽ ሚዛን። “ጉሮሮው ቢሆንስ ኖሮ? እኔ እኮ ጨርሻለሁ ብዬ እሸኘው ነበር።”

 

በነጋታው ሱቁን ከፈተ። ማሽን ሲገባ ምላጩን በፎጣ ጠቅልሎ ሰጠው። ከጆሮ በታች ያንተ ነው፣ ከጆሮ በላይ የኔ ነው አለው። ማሽን አልቀበልም ብሎ ተግደረደረ፣ ብዙ ተናገረ፣ ጋሽ ሚዛን በመሃል ጣልቃ ገብቶ ያዝ አለው፣ ያዘ። አስተማሪው ጋ ደግሞ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አስተማሪው ጆሮ ሁለት የሆነው ለዚህ ነው አለው ይባላል፣ እኔ ግን አስተማሪው የሚቀልድ ሰው አይመስለኝም።

አሁን አሠራሩ ሌላ ነው። ቀኙን ይቆርጣል፣ ከዛ የደንበኛውን ቀኝ ፊትና ቀኝ ጆሮ በፎጣ ይሸፍናል፣ ቀኙ ዝም እንዲል። ወንበሩን ያዞራል፣ እሱም ይዞራል። ያኔ ግራው ትንሽ ትንሽ ብቅ ይላል፣ አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ይሳሳል። ስለዚህ ይጠይቃል። አለ? ይላል። ደንበኛው አለ ወይም የለም ይለዋል። ሱቁ ድሮ የሐሜት ቤት ነበር፣ አሁን የጥያቄ ቤት ሆኗል፤ አለ? አለ። አሁንስ? ከጆሮ ጀርባ አለ። አሁንስ? ጋሽ ሚዛን ላብ ያጠምቀዋል። ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራውን ሥራ አሁን ሰው ለምኖ ነው የሚጨርሰው።

መካኒኩ ግን መካኒክ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ቀልድ ላይ ፍሬን የለውም። ባለፈው ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ሰዉ ተኮልኩሎ ወረፋ ይጠብቃል። ጋሽ ሚዛን ቀኙን ጨርሶ ሸፈነው፣ ግራውን ቆረጠና አለ? አለው። መካኒኩ ለተኮለኮለው ሰው በመስታወት ጠቀሰና አለ አለው። ቆረጠ። አሁንስ? አሁንም አለ። ቆረጠ። አለ? ኧረ በጣም አለ። የግራው ጸጉር ከጆሮ ወደ ግንባር፣ ከግንባር ወደ አናት እየሸሸ ሄደ፣ ጋሽ ሚዛን እያጨደው ይከተላል። ወረፋ ጠባቂው አፉን በእጁ አፍኗል። ማሽን መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ እሱም አልቻለም፣ አመለጠው።

ጋሽ ሚዛን ሳቁን ሰማ። እጁን አቆመ። የመካኒኩን አገጭ ይዞ ጭንቅላቱን አዞረው፣ ግራው ከቀኙ እስኪመጣለት። አየ። የተሸለተ በግ ነው የሚመስለው። ሳቁ ራሱ አፍሮ ጠፋ።

መቀሱን አስቀመጠው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

“በምበላው ቀልዱ” አለ። “በምገጨው በር ቀልዱ፣ ግራ አልገባውም በሉ፣ እኔም እስቃለሁ። እዚች ጋ ግን አለ ስትሉኝ አለ፣ የለም ስትሉኝ የለም። ሌላ የማይበት የለኝም።”

መካኒኩ ፊቱ ቀላ። ይቅርታ ለማለት አፉን ከፈተ፣ አልወጣለትም፤ እንደሱ ዓይነት ሰው ይቅርታ አይወጣለትም። መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፣ ሙሉ ጸጉርና መላጣ፣ ግማሽ በግማሽ።

“ቀኙንም እንደ ግራው አድርገው” አለ።

“ትቀልዳለህ?”

“አልቀልድም። እንደ ግራው አድርገው።”

ጋሽ ሚዛን ፎጣውን ገፎ መቀሱን አነሳ። ቀኙ ለሱ ችግር የለበትም፣ ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ መቀሱ ድሮ በሚሄድበት ፍጥነት ሄደ፣ ከጆሮ ወደ ግንባር፣ ከግንባር ወደ አናት። ጸጉሩ ሁሉ ወለሉ ላይ አለቀ። ቆመ። የቆረጠውን ቀኝ ጎን አየው፣ ቀረብ ብሎ አየው፣ አንድ ጸጉር አልቀረም፣ ይሄ ደግሞ ማንንም መጠየቅ የማያስፈልገው ጤነኛው ጎኑ ነው።

“አለ?” አለ።

መካኒኩ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። አንገቱን አዘነበለ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ ከጆሮው ጀርባ ሳይቀር ፈተሸ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ አብሮት አየ።

“የለም” አለው።